አብሮ ወጥቶ አብሮ መግባት፦ ለከባድ የተራራና የዱር ጉዞ የእምነት ቡድን መመሪያ

የአንድ እምነት ወንድሞችና እህቶች ተሰባስበው ወደ ተራራና ወደ ዱር ሲወጡ በጣም ደስ ይለኛል። ከስልክና ከጫጫታ ርቆ አብሮ መጸለይ፣ አብሮ መድከም፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ማደር ሰውን ያቀራርባል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙ ቡድኖች ለመዝሙሩ፣ ለትምህርቱና ለፕሮግራሙ ሳምንታት ይዘጋጃሉ። ማን ከኋላ እንደሚሄድ፣ ሰው ቢታመም ምን እንደሚደረግ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ግን ሳይነጋገሩ ይነሳሉ። ሲጠየቁ "ፈጣሪ ያውቃል" ይላሉ። ፈጣሪስ ያውቃል፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ይህ መመሪያ መኪና፣ ስልክና ሕክምና በቅርብ በሌለበት ቦታ ለሁለት ቀንና ከዚያ በላይ በእግር ለሚጓዝ ቡድን ነው። የክርስቲያንም የሙስሊምም ቡድን ይጠቀምበት። ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዞ የአንድ ቡድን እምነት ከምንም በላይ የሚታየው ከሁሉም የደከመውን ሰው በያዘበት አያያዝ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ ይመለሳሉ።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምትሄዱ ተነጋግራችሁ ጨርሱ

ከአንድ ወር በፊት ተሰብሰቡና እያንዳንዱ ሰው ከጉዞው የሚፈልገውን ይናገር። አንዱ ጫፍ ላይ መድረስ ይፈልጋል። ሌላዋ ጸጥታ ትፈልጋለች። ሌላው ጓደኞቹ ስለሄዱ ብቻ ነው የሚሄደው። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ግን ካልተነገረ መንገድ ላይ ይጋጫል። ጫፍ መድረስ የሚፈልገው ሰው ጸጥታ የምትፈልገውን እንደ እንቅፋት ያያታል።

ከዚያ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ጉዞው ተሳካ የሚባለው ሁሉም ሰው በሰላም ሲመለስ ነው። ጫፉ ተጨማሪ ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ሁሉም ይፈርም። ፊርማው ለሕግ አይደለም። በሦስተኛው ቀን፣ ጫፉ ፊት ለፊት እየታየ "እንመለስ" ማለት ሲከብድ የሚያስታውሳችሁ ነገር እንዲኖር ነው።

ብዛታችሁንም እዚሁ ወስኑ። ከ4 ሰው በታች ሆናችሁ ወደ ሩቅ ዱር አትግቡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ደግሞ ተያይዘው እርዳታ ፍለጋ ይሄዳሉ። ከ10 ወይም ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ ግን ለሁለት ተከፍላችሁ ለየክፍሉ የራሱን መሪ መድቡ። ረጅም ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰው ቢጠፋ ቶሎ አይታወቅም።

ደረጃ 2፦ ኃላፊነት አከፋፍሉ

በመጽሐፍ ቅዱስ የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴ ብቻውን ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ አይቶ ሥራውን እንዲያከፋፍል መክሮታል (ዘጸአት 18)። በእስልምና ደግሞ ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን መሪ እንዲያደርጉ የሚያዝ ሐዲስ አለ። ሁለቱም ለመንገደኛ የሚሆን ምክር ነው።

ቢያንስ እነዚህ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የጉዞ መሪ፣ ከፊት ሆኖ መንገድ የሚያሳይ፣ ከሁሉም ሰው ኋላ የሚሄድ ደጀን፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ፣ እንዲሁም የጸሎትና የትምህርት ጊዜውን የሚመራ። ቡድኑ ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሥራ ሊይዝ ይችላል።

አጥብቄ የምመክረው የጉዞ መሪውና መንፈሳዊ መሪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ ነው። ሰባኪው ወይም ኡስታዙ መንገዱንም የሚወስን ከሆነ ሌላው ሰው "ደክሞኛል"፣ "ፈርቻለሁ" ለማለት ያፍራል። ድካሙን መናገር የእምነት ማነስ ይመስለዋል። ኃላፊነቱ ሲለያይ ግን ሰው ስለ እግሩ ሲያወራ ስለ እግሩ ብቻ ነው የሚያወራው።

ደጀኑ ጠንካራ፣ ታጋሽና የማይነጫነጭ ሰው ይሁን። ብዙ ቡድን ደካማውን ሰው ከኋላ ይተውና ደጀን ያደረገው ይመስለዋል። ደጀን ማለት ኃይል ተርፎት በፈቃዱ የሚዘገይ ሰው ነው። የእርዳታ ሳጥኑም ከእሱ ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚቀረው።

ደረጃ 3፦ ሰውነታችሁን አዘጋጁ፣ እውነቱንም ተነጋገሩ

ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወይም ስምንት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተራመዱ። ቢያንስ አንዳንዱን ቀን ሁላችሁም ሙሉ ቦርሳ ይዛችሁ ዳገት ውጡ። ጫማ አዲስ ሆኖ ለጉዞው ቀን አይጠብቅ። እግር ውሃ ቋጥሮ ሰው ሲያነክስ የሚዘገየው ቡድኑ በሙሉ ነው።

የመንገዱን ጊዜ ለመገመት የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዛላችሁ። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራላችሁ። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር መንገድና 900 ሜትር ዳገት ካለ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ እረፍት ሳይቆጠር ለበረታ ሰው የሚሠራ ነው። ቦርሳ ለያዘና ልምዱ ለተለያየ ቡድን ቢያንስ ግማሹን ጨምሩበት። የጸሎትና የምሳ ጊዜውን ደግሞ ለብቻው ደምሩት።

ቀጥሎ ያለው ከባድ ወሬ ነው። አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ለጉዞ መሪውና ለእርዳታ ሰጪው በግል ይናገር። መድኃኒቱ የት ኪስ ውስጥ እንዳለ ሁለቱም ይወቁ። በእምነት ቡድን ውስጥ "ጸልዬ ድኛለሁ" ብሎ መድኃኒቱን ቤት ጥሎ የሚመጣ ሰው ያጋጥማል። በፍቅር ግን በግልጽ ንገሩት፦ መድኃኒቱ ከሌለ ጉዞው የለም። ፈውስን የሚያምን ሰው ቦርሳው ውስጥ መድኃኒት ቢይዝ እምነቱ አይጎድልበትም። ችግሩ የተነሳው ሐኪም በሌለበት ተራራ ላይ ከሆነ ግን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሸክሙን ተካፈሉ

ለብዙ ቀን ጉዞ የአንድ ሰው ቦርሳ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ባይበልጥ ጥሩ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ድንኳን፣ ድስት፣ ምድጃ፣ ጋዝና ምግብ የጋራ ናቸው። ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግታችሁ መዝኑና አከፋፍሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። እኩል አታከፋፍሉ፤ እንደ አቅም አከፋፍሉ። 80 ኪሎ የሚመዝነውና 48 ኪሎ የምትመዝነው እኩል ቢይዙ ፍትሐዊ አይደለም።

እያንዳንዱ ሰው ከራሱ የማይለየው ግን አለ፦ ውሃ፣ ፊሽካ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ደረቅ ሙቅ ልብስ፣ ለአንድ ቀን የሚሆን ምግብ። ከጥጥ የተሠራ ልብስ ሲረጥብ ሙቀት አይይዝም፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ካርታና ኮምፓስ ሁለት ሰዎች ጋር ይኑር። ስልክ ላይ ያለ ካርታ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው የሚረዳው።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ፤ ሙቀት ካለ ከዚያም በላይ። የወንዝና የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አፍልታችሁ ጠጡ። መንተክተክ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ይፍላ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

የመጨረሻው ሥራ እቤት ለሚቀር አንድ ሰው የሚሰጥ ወረቀት ነው። የሰዎቹ ስም፣ መንገዱ፣ የምታድሩበት ቦታ፣ የምትመለሱበት ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ ካለፈ ለማን እንደሚደውል። "ጸልዩልን" ብላችሁ ስትለዩት ይህን ወረቀትም ስጡት።

ደረጃ 5፦ በደካማው እርምጃ ሂዱ

የዚህ ሁሉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ሰው ትኩስ ነው። ፈጣኖቹ ወደፊት ይወነጨፋሉ። ትንሽ ቆይተው ቁጭ ብለው የቀሩትን ይጠብቃሉ። ከኋላ የነበረችው ልጅ ስትደርስ "ደረሰች፣ እንሂድ" ብለው ይነሳሉ። እነሱ አሥር ደቂቃ አርፈዋል፤ እሷ ምንም አላረፈችም። ይህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም በጣም የደከመው ሰው ጨርሶ ያላረፈው ሰው ይሆናል። ማንም ክፉ ሳይሆን ክፉ ነገር ተሠራ ማለት ነው። ስለዚህ ሕግ አድርጉት፦ እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ቦርሳውን ካወረደ በኋላ ነው። በሰዓት አንዴ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው ሕግ የሰልፉ አቀማመጥ ነው። ቀስ የሚለውን ሰው ከፊት መንገድ ከሚያሳየው ሰው ጀርባ፣ ሁለተኛ ላይ አድርጉት። ከኋላ ሲሆን ሁልጊዜ ለመድረስ ይሮጣል፣ ልቡም ይሰበራል። ሁለተኛ ላይ ሲሆን ግን የቡድኑን እርምጃ የሚወስነው እሱ ነው። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ ከበፊቱ ይሻለዋል። ግማሹ ድካም የመቅረት ጭንቀት ነበር።

ፍጥነታችሁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። መዝሙር ወይም ነሺዳ እያዜማችሁ ሂዱ፤ ከሰልፉ የአንድ ሰው ድምፅ ከጠፋ ቀስ በሉ። መንገድ ሲገነጠል ሁሉም እስኪደርስ ማንም አይለፍ። እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን ሰው ሁልጊዜ ማየት አለበት። ሳያየው ከቀረ ይቁም። ይህ ሰንሰለት እስካልተበጠሰ ድረስ ማንም አይጠፋም።

ሸክም መቀበልም ዘዴ አለው። በሁሉም ፊት "ደክሞሃል፣ ቦርሳህን አምጣ" የተባለ ሰው ይዋረዳል፤ ስለሚያፍርም እምቢ ይላል። ይልቅ እረፍት ላይ ቀስ ብላችሁ "ድስቱን ለኔ ስጠኝ፣ ማታ ቀድሜ ልጣደው" በሉት። ድንኳኑን ሌላ ሰው ይውሰድ። ቦርሳውን በሙሉ አትንጠቁት። የራሱ የሆነ ነገር ይዞ ሲደርስ እኩል ሆኖ ይደርሳል።

በዘጸአት 17 ላይ የሙሴ እጆች ሲከብዱ አሮንና ሖር ያደረጉትን አስቡ። መጀመሪያ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው እጆቹን እስከ ፀሐይ መግቢያ ደገፉ። "በርታ" ብለው አልተዉትም። የሚቀመጥበት ነገር ፈለጉለት። ለደከመ ሰው መጀመሪያ ድንጋዩን ፈልጉለት።

ደረጃ 6፦ የጸሎትና የጸጥታ ጊዜን ከጉዞው ጋር አስማሙ

ጠዋት አሥር ደቂቃ ያህል አጭር ጸሎት በቂ ነው። ብርድ ላይ ቆሞ ረጅም ስብከት የሚሰማ የለም። በእስልምና መንገደኛ ሶላቱን እንዲያሳጥር፣ ውሃ ከሌለም ተየሙም (በውሃ ፈንታ በንጹሕ አፈር መንጻት) እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። የሶላት ሰዓቶቹን ከእረፍት ሰዓት ጋር አገናኟቸው።

ከቀኑ መንገድ ምቹና የማያሳስት ክፍል መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት በዝምታ ተራመዱ። እየተያያችሁ፣ ግን ሳትነጋገሩ። ከሁሉ የመንፈሳዊ ፕሮግራም ዓይነት ይህን የሚያህል አላውቅም። ማታ ክብ ሠርታችሁ እያንዳንዱ ሰው በቀኑ ውስጥ የረዳውን አንድ ሰው በስም ጠርቶ ያመስግን። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጸለይ ያልፈለገ ሰው ካለ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ አታስገድዱት።

ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ዳገት ላይ ውሃ ሳይጠጡ መዋል አደገኛ ነው። በእስልምና መንገደኛ ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን መክፈል ይችላል። ክርስቲያኖችም የንስሐ አባታቸውን ወይም አገልጋያቸውን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ወይም ጉዞውን ከጾሙ ውጭ ያድርጉት።

ልቡ የተሰበረ ሰውም ይኖራል። "አልችልም፣ ተዉኝ" የሚል። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞቱን ሲለምን የመጣለት መልአክ አልሰበከለትም። ተኝቶ ነበርና ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። እንደገና ተኛ፤ እንደገና አበላው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን የተጓዘው (1ኛ ነገሥት 19)። እናንተም በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ውሃ፣ ምግብ፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ። ምክሩና ጥቅሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙውን ጊዜ ከበላ በኋላ ምክሩ ራሱ አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ የመመለሻ ሰዓት ወስኑ፣ አክብሩትም

በየጠዋቱ "ጫፉ ላይ ብንደርስም ባንደርስም በዚህ ሰዓት እንመለሳለን" ብላችሁ ሰዓቱን በቁጥር ወስኑ። ጭንቅላት ሳይደክም የተወሰነ ውሳኔ፣ ሲደክም ከሚወሰነው ይሻላል። "ፈጣሪ ይረዳናል፣ ትንሽ እንግፋ" የሚለው ቃል የሚመጣው በዚያች ሰዓት ነው። መሪው መልሱን ያዘጋጅ፦ ጠዋት ስንወስንም ጸልየን ነበር። ማንም አንድ ሰው "ፈርቻለሁ፣ እንቁም" ካለ ቡድኑ ይቁም፤ ምክንያቱን ከቆመ በኋላ ይጠይቅ።

አራት አደጋዎች ላይ ድርድር የለም።

መብረቅ። ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ከጫፍና ከሸንተረር ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ራቁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እዚህ ላይ ተሰብስቦ እጅ ለእጅ ተያይዞ መጸለይ አይገባም። አንዱ መብረቅ ሁላችሁንም እንዳይመታ ቢያንስ 15 ሜትር ተራራቁና እያንዳንዳችሁ ባላችሁበት ጸልዩ።

ወንዝ። ፈጣን ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነ አትግቡ። ሌላ መሻገሪያ ፈልጉ ወይም እስኪጎድል ጠብቁ። ስትሻገሩ የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ቶሎ እንድትጥሉት። ጫማ አታውልቁ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተያያዙ፤ ጠንካራው ውሃው በሚመጣበት በኩል ይሁን።

ከፍታ። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ከታየ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፤ እስኪሻለው ሰውየው ወደ ላይ አይሂድ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የእረፍት ቀን ይኑር። ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው አውርዱት። ሌሊትም ቢሆን፤ ብቻውን ግን አይውረድ።

ብርድ። ዝናብና ነፋስ ካለ በረዶ ሳይኖርም ሰው ሙቀቱን አጥቶ ይሞታል። ምላሱ ሲተሳሰር፣ ሲደነቃቀፍ፣ መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ሲቆም አትዘግዩ። እርጥቡን ልብስ ቀይሩለት፣ ከመሬት ለዩት፣ አቅፉት፣ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት።

ደረጃ 8፦ ስትጣሉ

ትጣላላችሁ፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። ግን መጀመሪያ ብሉ። አብዛኛው የመንገድ ጠብ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ነው። ከበላችሁ በኋላም ካልበረደ ሁለቱ ሰዎችና መሪው ለብቻቸው ይነጋገሩ እንጂ በጸሎት ሰዓት በስውር አትወቃቀሱ። "ጌታ ሆይ፣ የሚያማርሩትን ሰዎች ልብ ቀይር" ብሎ ጮክ ብሎ መጸለይ ስድብ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ታረቁ። ነገ ወንዝ ላይ የምትይዙት እጅ የዚያ ሰው እጅ ነው።

ደረጃ 9፦ አደጋ ሲደርስ

ቁሙ፣ ተንፍሱ፣ ቁጠሩ። ስንት ነን? ሌላ ሰው አደጋ ላይ ነው? ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። እርዳታ ሰጪው ተጎጂውን ይመርምር፣ አንዱ ይርዳው፣ አንዱ ድንኳንና ትኩስ ነገር ያዘጋጅ፣ አንዱ የሆነውንና ሰዓቱን ይጻፍ። አንድ ሰው ደግሞ ተጎጂው ራስጌ ተቀምጦ እጁን ይዞ ዝግ ባለ ድምፅ ያናግረው፣ ከፈለገ አብሮት ይጸልይ። ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁሉም ከብቦ ጮክ ብሎ ቢጸልይ ግን እርዳታ ሰጪው የተጎጂውን ትንፋሽ መስማት አይችልም።

በተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት ወይም ባትሪ ማብራት ነው። አንድ ደቂቃ ታርፉና ትደግማላችሁ። መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን የጥሪው ምልክት ራሱ ሦስት ጊዜ ነው። የጠፋ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስ፤ ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም ንገሩ።

ደረጃ 10፦ ቦታውን እንዳገኛችሁት ተዉት

ለመጸዳዳት ከውሃ፣ ከመንገድና ከድንኳን 60 ሜትር ራቁ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ከዚያ በኋላና ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በአንድ ሰው እጅ ቡድኑ በሙሉ በተቅማጥ ሊወድቅ ይችላል። ቆሻሻችሁን ተሸክማችሁ ተመለሱ። ፈጣሪን በሥራው ለማድነቅ የወጣ ቡድን ፕላስቲክ ጥሎ ሊመለስ አይገባውም።

ደረጃ 11፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ ወረቀቱን ለሰጣችሁት ሰው ደውሉ። እስክትደውሉ ድረስ እሱ ሥራ ላይ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገናኙ፤ ፎቶ ለማየት ብቻ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የቱ ጋ ልንጎዳ ነበር? ማን ሳይናገር ተቸገረ? ምን ሳንጠቀምበት ተሸከምን? መጀመሪያ ይናገሩ የሚባሉት ከኋላ የነበሩት ይሁኑ፤ ፈጣኖቹ ከእነሱ ቀጥሎ፣ መሪው መጨረሻ ላይ። መልሱን የሚቀጥለው ቡድን መሪ እንዲያነበው ጽፋችሁ አስቀምጡ። ያለቀውን የእርዳታ ሳጥን ዕቃም ያኔውኑ ተኩ።